ጥቁሩ ሱፍ ለምን ወይን ጠጅ ሆነ?

ሙሽራውና አምስቱ ሚዜዎቹ ጥቁር ሱፍ ነበር የለበሱት። በዓይኔ አይቻለሁ። ማታ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ሁለቱ ሚዜዎች ወይን ጠጅ ለብሰዋል። የቀሩት ጥቁር ናቸው። ያው አንድ ፎቶ፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ካሜራ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዋይት ባላንሱን፣ ማለትም ፎቶው እንደ መብራቱ ዓይነት ቀለሙ የሚስተካከልበትን ቅንብር ነበር። አስተካከልኩት። ወይን ጠጁ ሲለቅ የሙሽሪት ፊት አረንጓዴ መሰለ። ወደነበረበት መለስኩት። ፊቷ ሲመለስ ልብሱም ተመለሰ። እንዲህ ስታገል ነጋ። በመጨረሻ በየፎቶው የሁለቱን ልብስ ብቻ እየለየሁ ቀለሙን አጠፋሁት። አንዱ ሚዜ ፎቶው ሲደርሰው “ሱፌ አዲስ ነበር እኮ፣ ምነው አመድ መሰለ?” አለኝ። ምን ልበለው?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ነገሩን ያጣራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጥፋቱ የማይታይ ብርሃን ነው። የሰው ዓይን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን ብርሃን ነው። ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው የካሜራው ሴንሰር ግን ሲሊኮን ነው፤ እስከ 1100 ናኖሜትር ገደማ ድረስ ይደርሳል። ከ700 ወዲያ ያለው ኢንፍራሬድ ነው። አምራቾች ይህን ስለሚያውቁ ሴንሰሩ ፊት ኢንፍራሬድ የሚያግድ መስታወት ያስቀምጣሉ። አንዳንዱ ካሜራ ላይ ግን መስታወቱ በደንብ አያግድም። የኔው ሁለተኛ እጅ የገዛሁት የድሮ ካሜራ ነበር።

በዚህ ጉዳይ ስሙ በጣም የተነሳው በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣው ላይካ ኤም8 የተባለው ካሜራ ነው። ሴንሰሩ ላይ ያለውን መስታወት ስስ ያደረጉት ለምስሉ ጥራት ብለው ነበር። ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወይን ጠጅ ሆኖ ሲወጣ ኩባንያው ለገዢዎቹ ሌንስ ፊት የሚገጠም ኢንፍራሬድ የሚያግድ ፊልተር ሁለት ሁለት በነጻ ሰጠ። በካሜራው ዋጋ ልክ የሚያናድድ ነገር ነው፤ ግን መፍትሔው ይሠራል።

ታዲያ ለምን ሁለቱ ልብሶች ብቻ? ሱፍ እንበለው እንጂ ብዙው ሱፍ ፖሊስተር ነው። ብዙ ጥቁር ሰው ሠራሽ ጨርቅ የሚታየውን ብርሃን ይውጥና ኢንፍራሬዱን መልሶ ይተፋዋል። ለኛ ጥቁር፣ ለሴንሰሩ የሚያበራ። ያ ብርሃን ሴንሰሩ አረንጓዴ ከሚለካበት ይልቅ ቀይና ሰማያዊ በሚለካበት ላይ ስለሚበዛ ወይን ጠጅ ይወጣል። ዋይት ባላንስ ያላዳነኝም ለዚህ ነው። እሱ መላውን ፎቶ ይቀይራል፤ ጥፋቱ ግን እንደየጨርቁ ይለያያል። አዳራሹ ደግሞ በድሮዎቹ ባለ ክር አምፖሎች ነበር የደመቀው። እነሱ ከብርሃን ይልቅ ሙቀት ነው የሚረጩት፤ ኢንፍራሬዳቸው ብዙ ነው። በኤልኢዲ መብራት ቢሆን ይህ ሁሉ ጣጣ ላይታየኝ ይችል ነበር።

ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ግን ሞከርኩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ የቴሌቪዥን ሪሞት ወደ ሌንሱ አዙሬ ቁልፉን ተጫንኩ። የሪሞቱ አፍንጫ ላይ ያለችው አምፖል የምትልከው ኢንፍራሬድ ነው፤ ለዓይን ምንም የለም። በካሜራዬ ግን እንደ ባትሪ ቦግ አለች። ጥሩ መስታወት ባለው ካሜራ በጣም ደብዝዛ ነው የምትታየው። የናንተ እንደዚያ ከሆነ ፊልተሩን አትግዙ። ትርፉ ሌንስ ላይ ተጨማሪ መስታወት መለጠፍ ነው።

ፊልተሩ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኢንፍራሬዱን እንደ መስታወት ይመልሳል፤ ጠመም አድርገው ሲያዩት ቀላ ብሎ ያንጸባርቃል። ሁለተኛው ራሱ ሰማያዊ አረንጓዴ የሆነ መስታወት ነው፤ ኢንፍራሬዱን ይውጣል፣ ከቀዩም ትንሽ ይቆርሳል። እኔ የገዛሁት የመጀመሪያውን ነው። ሪሞቷን በፊልተሩ በኩል ሳያት ጠፋች። ጥቁሩም ጥቁር ሆነ። ቅጠሎች እንኳ ቢጫነታቸው ቀነሰ። ለካ ቅጠልም ኢንፍራሬድን በኃይል ይመልሳል።

ደስታዬ የቆየው ሰፊ ሌንስ እስክገጥም ነው። በ20 ሚሊሜትር ሌንስ ሃያ ሰው አሰልፌ አነሳሁ። መሃል ያሉት ደህና ናቸው። ጫፍና ጫፍ የቆሙት ግን ፊታቸው ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ ሄዷል፤ ታመው የመጡ ይመስላሉ። ይህ ዓይነቱ ፊልተር ብርሃን በሰያፍ ሲገባበት የሚያግድበት መስመር ወደሚታየው ቀይ ይጠጋል። ስለዚህ ጠርዝ ላይ ቀይ ይጎድላል። በ50 ሚሊሜትር ምንም አላየሁም፤ በ35ም የሚያስቸግር አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሰፊ ሌንስ ስገጥም አወልቀዋለሁ። ማታ መንገድ ላይም አወልቀዋለሁ፤ የመብራቶቹ ነጸብራቅ እየተገለበጠ ሌላ ቦታ ላይ ይወጣል።

አዲስ ካሜራ ያለው ሰው ይህ አይመለከተኝም ቢል እውነት አለው። አንድ ቦታ ግን ይመለከተዋል። ውሃን እንደ ጭጋግ ለማንሳት በጣም ጥቁር ኤንዲ ፊልተር፣ ማለትም ወደ ሌንሱ የሚገባውን ብርሃን የሚቀንስ መስታወት፣ የሚገጥም ሰው ይጠንቀቅ። ባለ አሥር ስቶፑ የሚታየውን ብርሃን ወደ አንድ ሺህኛ ያወርዳል፤ ብዙዎቹ ግን ኢንፍራሬዱን ያሳልፋሉ። ያኔ የትኛውም ካሜራ ቡናማ ፎቶ ሊሰጥ ይችላል። ኢንፍራሬድም እንደሚያግድ የተጻፈበትን ኤንዲ መግዛት ይሻላል፤ እኔ ይህን የተማርኩት ሁለተኛውን ስገዛ ነው።

አሁን ሥራ ስቀበል ከቀኑና ከሰዓቱ ቀጥዬ መብራቱ ምን ዓይነት እንደሆነ እጠይቃለሁ። አዲስ ካሜራ በእጄ ሲገባም መጀመሪያ ሪሞት አበራበታለሁ። ቤት ውስጥ ሪሞት ሲጠፋ ቀድሞ የሚፈተሸው የኔ የካሜራ ቦርሳ ነው።