ዳማ ከበር ሲወጣ

ዛሬ ቡችላዬ ዳማ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ እግር ከግቢ ወጣ። አራት ወር አልፎታል። የመጨረሻውን ክትባት ከወሰደ ሁለት ሳምንት ሆነው። በሩን ስከፍት ልቤ ይመታ ነበር።

እስካሁን ሰፈሩን የሚያውቀው እቅፌ ላይ ሆኖ ነው። ስናመጣው ስምንት ሳምንቱ ነበር። ያኔ ሐኪሙ የነገረኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ቡችላ ዓለምን በደንብ የሚለምደው ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ነው። በዚያ ጊዜ ያላየውን ነገር ሲያድግ ሊፈራው ይችላል። ክትባቱ ደግሞ እስከዚያ አያልቅም። ቡችላን ሊገድል የሚችለው የፓርቮ ቫይረስ ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ጋር ይወጣና መሬት ላይ ወራት ይቆያል። በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ስንት ውሻ እንደሚያድር የምታውቁት ነው። ስለዚህ መሬት ሳያስነኩ ማሳየት ነበረብኝ። በነጠላ ጠቅልዬ፣ ታቅፌው መዞር ጀመርኩ።

«ምነው ልጄ፣ ውሻ ይታቀፋል እንዴ?» አሉኝ የጎረቤታችን እማማ። ምክንያቱን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና፣ «ታዲያ ሰው ከለመደ ሌባ ያባርራል?» ብለው ጠየቁኝ።

ወዲያው ጃክ ትዝ አለኝ። ልጅ እያለሁ ቤታችን የነበረ ውሻ ነው። ቀን በሰንሰለት ታስሮ፣ ማታ ግቢ ውስጥ ተለቅቆ ነው ያደገው። «ይክፋ» ተብሎ። ከበሩ ውጭ ምን እንዳለ አያውቅም። አንድ ቀን በሩ ሳይዘጋ ቀረና ወጣ። ልጆች ሮጡ፣ መኪና ጥሩምባ ነፋበት። የሚገባበት ሲያጣ አንዱን ልጅ እግሩን ነከሰው። ልጁ የእብድ ውሻ ክትባት ተወጋ። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰንሰለቱ ብቻ ነበር። ጃክ የት እንደሄደ ማንም ሊነግረኝ አልፈለገም። ጃክ ክፉ አልነበረም። ፈርቶ ነው የነከሰው። ይህን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ዳማን በመጀመሪያ ያስፈራው የቆራሌው ድምፅ ነው። ገና «ቆራሌው!» ሲባል ራሱን ብብቴ ስር ይወሽቃል። ሰውየው ጆንያውን ተሸክሞ ሲመጣ ሰውነቱ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። አላስጠጋሁትም። ራቅ ብዬ ቆሜ የጥፍር ያህል የተቀቀለ ስጋ እሰጠዋለሁ። ካልበላ በጣም ፈርቷል ማለት ነው፤ ወደ ኋላ እንመለሳለን። ከበላ እንቆያለን። በሦስተኛው ሳምንት ድምፁን ሲሰማ ጆሮውን አቆመና ቀና ብሎ ኪሴን አየ። እንባዬ መጣ።

ከዚያ ጃንጥላው፣ ከዘራው፣ ጡሩምባው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ እየቀለለ ሄደ።

ባለሱቃችን ሙስሊም ነው። የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ከሶላት በፊት ማጠብ አለበት። ስለዚህ ዳማን ይዤ አልጠጋውም። ከመንገዱ ማዶ ቆመን የሚገባ የሚወጣውን ሰው እናያለን። ይህም ጠቅሞናል። ቡችላ ሁሉም ሰው እንዲዳስሰው አያስፈልግም። ሰው አይቶ ዝም ማለትንም መልመድ አለበት።

ዛሬ ኮብልስቶኑን አንድ በአንድ አሸተተ። ማዕዘኑ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። አንዱ ዳማን እንዳየ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳ። አልተቆጣሁትም፤ እሱም ፈርቷል። «ና፣ አጠገቤ ቁጭ በል። ዓይኑን አትየው፤ እጅህን ብቻ ዝቅ አድርግ» አልኩት። ድንጋዩን በአንድ እጁ እንደያዘ ቁጭ አለ። ዳማ ቀስ ብሎ ተጠግቶ ባዶ እጁን አሸተተ፣ ከዚያ ላሰው። ድንጋዩ መቼ እንደወደቀ አላየሁም።

ቤት ገብተን ብዙም ሳንቆይ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰው በሩን አንኳኳ። ዳማ ተነስቶ በዚያ በትንሽ ደረቱ ጮኸ። «እሺ ዳማ፣ በቃ» ስለው ዝም ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ።

እማማ በአጥሩ በኩል ሰምተው ኖሯል። «ይጮሃል ለካ!» አሉኝ።