ኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ከጋሼ ጠመንጃ ጋር

ለተኩስ ውድድር የመጣንበት ካምፕ ፔሪ የሚባል የኦሃዮ ወታደራዊ ካምፕ ነው። ለማደሪያ የሰጡን ቤት አራት ግድግዳ፣ የብረት አልጋዎችና አንድ አምፖል ነው። ሽንት ቤቱ ውጭ ነው። ሻወሩም እንደዚያው። ሙቀቱ ሌሊትም ለቀቅ አያደርግም። ትንኙን ተዉት። ከኢሪ ሐይቅ ትንኝ ጋር ሲተያይ የዝዋይ ትንኝ ጨዋ ነው።

ጋሼ ግን ደስ ብሏቸዋል። «በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እዚህ ካምፕ የጣልያንና የጀርመን ምርኮኞች ነበሩ» አሉኝ ጫማቸውን እያወለቁ። «ጣልያን ታስሮ ያደረበት ግቢ ውስጥ መተኛት ራሱ አያኮራም?» ብለው ወዲያው ማንኮራፋት ጀመሩ። እኔ እስከ ንጋት ጣራ ሳይ አደርኩ። ጣልያኑ ቢያንስ ለማደሪያው አልከፈለም።

ከቨርጂንያ ኦሃዮ ድረስ የነዳነው ለአንድ የተኩስ ውድድር ነው። መንገዱ ላይ የሚወራ ነገር የለም፤ ተራራ፣ በቆሎ፣ የክፍያ መንገድ፣ በቆሎ። አንድ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ለሁለት ቡናና ለደረቀ ሳንድዊች 26 ዶላር ተቀበሉን። ጋሼ ደረሰኙን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፤ ለማን እንደሚያሳዩት እንጃ።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብረት ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሥራ ሲፈቱ ጊዜ ጋራዣቸው ውስጥ ጠመንጃ መሥራት ጀመሩ። እንዲያው ጠመንጃ አይደለም። የአሜሪካ እግረኛ ጦር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የያዘውን ኤም 1903 ኤ4 የሚባለውን ስናይፐር፣ ማለትም ከሩቅ አነጣጥሮ የሚተኮስበትን ባለመነጽር ጠመንጃ፣ አስመስለው ነው የሠሩት። ሬሚንግተን የሚባለው የጠመንጃ ፋብሪካ በጦርነቱ ጊዜ ከ28 ሺህ በላይ አምርቶ ነበር። ዛሬ ዋናውን ማግኘት በብዙ ሺህ ዶላር ነው፤ ያውም ተጭበርብሮ ካልተሸጠላችሁ።

ስለዚህ ጋሼ የዚያኑ ጠመንጃ ተራ ዓይነት፣ መነጽር የሌለውን 1903 ኤ3፣ ገዙ። የሆነ አዳኝ ሰደፉን ቆራርጦ፣ ብረቱን በስቶ ያበላሸው ስለሆነ ለሰብሳቢ አይረባም፤ ዋጋው ወረደላቸው። የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያውን አነሱ። የማቀባበያ እጀታው ስኮፑን፣ ማለትም የማነጣጠሪያ መነጽሩን፣ እንዳይነካ ተስተካከለ። ላዩ ላይ የሬድፊልድ ዓይነት ማሰሪያ፣ ከዚያ የድሮውን ዊቨር መነጽር አስመስሎ የተሠራ አዲስ ስኮፕ ገባበት። እንጨቱን በተልባ ዘይት እያሹ ከረሙ። መኪናው ውስጥ ሙሉ መንገድ ተልባ ተልባ ይሸተን ነበር።

ስኮፑ የሚያጎላው ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ዛሬ ለአጋዘን አዳኝ የሚሸጠው ርካሹ እንኳ ዘጠኝ እጥፍ ያጎላል። ስኮፑ ከጥይት ማጉረሻው አናት ላይ ስለተቀመጠ አምስቱን ጥይት በአንድ ላይ መግፋት አይቻልም፤ አንድ በአንድ ማጉረስ ነው። ሌላ ማነጣጠሪያ የለውም። መነጽሩ ከተበላሸ በእጅ የቀረው ዱላ ነው። «ታዲያ ዘመናዊ ስኮፕ ለምን አያስሩበትም?» አልኳቸው። ሰደብኳቸው መሰለኝ። እስከ ክሊቭላንድ አላናገሩኝም።

ካምፕ ፔሪ ከ1907 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአሜሪካ ብሔራዊ የተኩስ ውድድሮች የሚካሄዱበት ቦታ ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ከዒላማው ወዲያ ሐይቁ ብቻ ነው። ከጎን የኑክሌር ማመንጫው ትልቅ ማማ ይታያል። የድሮ ስናይፐር ውድድሩ ለሁለት ሰው ቡድን ነው። አንዱ ይተኩሳል፣ ሌላው አጠገቡ ሆኖ በመነጽር ይመለከትለታል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። መጀመሪያ ከ300 ያርድ፣ ቀጥሎ ከ600። ጠመንጃው እስከ 1953 እ.ኤ.አ. ድረስ ጦር ይጠቀምበት የነበረ ዓይነት መሆን አለበት፤ ተመስሎ የተሠራም ይፈቀዳል። ዒላማው ለ20 ሰከንድ ብቅ ይላል፣ ይወርዳል። ያችኑ ነው መጠቀም።

የእኔን መነጽር ያየች አንዲት አሮጊት ሳቀች። ለወፍ መመልከቻ የገዛሁት ነው። ምንም ሳትል ሄዳ የራሷን ቴሌስኮፕ ከነማቆሚያው አመጣችልኝ። የትንኝ መድኃኒትም ጨመረችበት፤ ፊቴን አይታ መሆን አለበት። ከዚያ አጠገቤ ተንበርክካ አስተማረችኝ። ቴሌስኮፑን ከዒላማው ትንሽ ወዲህ ስታስተካክለው ከመሬት የሚነሳው የሙቀት ሞገድ ይታያል። ሞገዱ ወደ ቀኝ ከተኛ ነፋሱ ወደ ቀኝ ነው። ቀጥ ብሎ ከፈላ ነፋስ የለም፣ ወይም አቅጣጫውን ሊቀይር ነው። በ600 ያርድ፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ሜትር አልፎ፣ ይህን ያላየ ሰው ጥይቱን ለሐይቁ ነው የሚሰጠው።

«ግራ ያዙ ጋሼ፣ ትንሽ ግራ!» እላለሁ።

«ትንሽ ማለት ስንት ነው? በቁጥር ንገረኝ!»

እንዲህ ስንጨቃጨቅ ዒላማው ወረደ። ቀጥሎ ደግሞ ተኩስ አቁም ተባለ። አንዲት የአሣ አጥማጅ ጀልባ ከዒላማው ጀርባ ወዳለው የተከለከለ ውሃ ገብታለች። ሜዳው ሙሉ ሰው ጀርባው እየተቃጠለ ጀልባዋ እስክትወጣ ጠበቀ። ሰውየው አሣውን ሳይጨርስ የሚሄድ አይመስልም ነበር። ሌላው ሰው የለመደው ነገር ነው መሰለኝ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተኛ። እኔ ብቻ ነኝ የተናደድኩት።

የመተኮስ ተራችን ሳይሆን ሥራችን ከዒላማው ሥር ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነው። ዒላማውን በእጅ እየሳብን እናወጣለን፣ እናወርዳለን፣ የተመታበትን ምልክት እናደርጋለን። ጥይቱ ከራስ በላይ ሲያልፍ የሚሰማው ፉጨት አይደለም፤ ጆሮ አጠገብ ጅራፍ እንደማጮህ ነው። ከሁሉም የወደድኩት ይህን ነው ብል ጋሼ ይቀየሙኛል።

ከጎናችን የነበረው ሰውዬ የያዘው ዋናው ነው፤ ከጦርነቱ የተረፈ። አንድ በተኮሰ ቁጥር በፎጣ ይጠርገዋል። ደመና ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል። ጋሼ የራሳቸውን ሣር ላይ አጋድመውት ውሃ ይጠጣሉ። ከመምጣቴ በፊት ተመስሎ የተሠራ ነገር ትንሽ ያሳፍራል ብዬ አስብ ነበር። አሁን ግን ምረጥ ብባል የጋሼን እመርጣለሁ፤ የሰውየው ጠመንጃ ባለቤቱን ነው የሚያዘው።

ሙሉ ነጥቡ 400 ነው፤ እኛ አጠገቡም አልደረስንም። በ300 ያርድ ግን እኔ ጋሼን በለጥኳቸው። «ጠመንጃው ጥሩ ስለሆነ ነው» አሉ።

ከውድድሩ በኋላ ወደ መደብሮቹ ሄድን። አንዱ ጠረጴዛ ላይ ቤልጂግ፣ የድሮው የቤልጅየም ጠመንጃ፣ ተጋድሟል። ዘውድ የደፋ አንበሳ ታትሞበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገብተው ነበር። ሻጩ ኢትዮጵያ የት እንዳለች፣ ንጉሡም ማን እንደነበሩ በትዕግሥት አስረዳን። ጋሼ ሁሉንም አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ከዚያ አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙረው በውስጡ አዩ። «ዝገት ነው እንጂ ጠመንጃ አይደለም። ስንት ነው?» ሻጩ 850 ዶላር አለ። ጋሼ መርካቶ ያሉ ይመስል 300 ብለው ጀመሩ። ሰውዬው ሳቀ፤ ጋሼ አልሳቁም። ስንሄድ ሁለት ጊዜ ዞረው አዩት። የገዙት አንድ ከረጢት ብሎን ነው።

ካምፑ አቅራቢያ ባለችው ፖርት ክሊንተን ከተማ ዋላይ የሚባለውን የሐይቁን አሣ ጠብሰው ሰጡን። እውነት ለመናገር ለእሱ ብቻ ብመጣም አይቆጨኝም። ጋሼ ከሸሚዝ ኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ሚጥሚጣ አወጡና ለአስተናጋጇም አቀመሷት። ውሃ ፍለጋ ሮጠች።

ፔንሲልቬንያ ስንደርስ ጋሼ ስለሚቀጥለው ማውራት ጀመሩ። የእንግሊዙን ሊ-ኢንፊልድ ቁጥር 4 ስናይፐር ነው ያሰቡት። የራሳቸው ጋራዥ ሞልቷል።

«ጋሼ፣ እኔ አፓርታማ ነው የምኖረው» አልኳቸው።

«በረንዳ አለው አይደል?» አሉ።