የ1,800 ብሩ ልዩነትና የዝግባው ጥላ

ሰኔ ለሒሳብ ሰው የጭንቅ ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ምሳ ጠረጴዛ ላይ ይበላል፣ ሻይ እዚያው ይመጣል፣ ሰው ከወንበሩ ሳይነሳ ይመሽበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ይህ የሆነውም በዚሁ ወር ነው።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ከባንኩ ጋር የምታመሳክርበትን የባንክ ማስታረቂያ ስትሠራ ሌጀሩ (የመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ መዝገብ) እና የባንኩ ስቴትመንት በ1,800 ብር ተለያዩባት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምራ ቫውቸሩን (የሒሳብ ሰነዱን) አንድ በአንድ ብታገላብጥ ልዩነቱ ንቅንቅ አልል አለ። ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የአሃዝ መገለባበጥ (ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ መለዋወጥ) መሆኑን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ 1,800 ደግሞ ለ9 ሲካፈል ልክ 200 ነው። ያን ቀን ግን ጨርሶ ትዝ አላላትም። አንዱ ቫውቸር ላይ ያለው 48,600 ሲመዘገብ 46,800 ሆኗል፤ እሷም ሁለት ጊዜ አይታው ሁለቴም የ«ልክ ነው» ምልክት አድርጋበታለች። የደከመ አእምሮ የጠበቀውን ቁጥር ያነባል።

አንጋፋው ባልደረባዋ «ተይው እስቲ አሁን፤ ወጣ በይና ነፋስ ይንካሽ» አሏት።

«ይቺን ብቻ ልጨርስና፣ ጋሼ።»

እንደምንም ወጣች። ግማሽ ሰዓት ቆይታ ተመለሰች፤ ስህተቱ ግን አሁንም አልተገኘም። በማግስቱ ፋይል ተለዋውጠው ሲያዩ ያገኙት ጋሼ ናቸው።

ታዲያ መውጣቷ ለምን አልጠቀማትም? የተቀመጠችበት አግዳሚ ያለው ጄኔሬተሩ አጠገብ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሞተሩ ያጓራል፣ ጭሱ ወደ አግዳሚው ይነፍሳል፣ መኪና ይገባል ይወጣል። ስልኳም እጇ ላይ ነው፤ ስለዚያው ሒሳብ ሁለት ጊዜ ተደውሎላታል። ወጣች እንጂ አላረፈችም።

በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጥናት ይህንኑ በቁጥር ፈትኖታል። ተሳታፊዎቹ የተነበበላቸውን አሃዝ ከኋላ ወደ ፊት እንዲደግሙ ተደረገ፤ ከዚያ አንዴ ዛፍ በሞላበት መናፈሻ፣ ሌላ ጊዜ በተጨናነቀ የከተማ መንገድ 50 ደቂቃ ያህል ተራምደው እንደገና ተፈተኑ። ውጤታቸው የተሻሻለው ከመናፈሻው ሲመለሱ ነው። በጥር ብርድ፣ ደስ ሳይላቸው የተራመዱትም ተጠቅመዋል። መንገድ ላይ ጆሮ ጡሩምባ፣ ዓይን መኪና ይጠብቃል፤ ቅጠል ሲወዛወዝ ለማየት ግን ጥረት አያስፈልግም። ቁጥር ላይ ሲተጋ የዋለው ትኩረት የሚያርፈው በዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሒሳብ ክፍሉ የማረፊያ ወንበሮቹን ከሕንፃው ጀርባ ወዳለው ዝግባ ሥር አዛወረ፤ ጀርባቸውን ለመኪና ማቆሚያው ሰጥተው ተቀመጡ። ሰዓቱ ረፋድ 4:30 ሆነ፤ የአዲስ አበባ የሰኔ ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ይበረታልና። ቢሮው ባዶ እንዳይቀር ሁለት ሁለት እየሆኑ በየቀኑ 25 ደቂቃ ይወጣሉ። በ5 ቀን 125 ደቂቃ ማለት ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ወደ 20,000 ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት ጥሩ ጤናና ደኅንነት እንዳላቸው በብዛት የተናገሩት በሳምንት 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ተፈጥሮ መካከል ያሳለፉት ናቸው፤ በአንዴም ይሁን ተከፋፍሎ ልዩነት አልታየበትም።

ስልክ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ይህን አንዳንዱ ሰው አጥብቆ ይቃወማል፣ ግን ያለ እሱ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ያህል ቀስ ብሎ መራመድ፣ ከዚያ መቀመጥ፤ ለሰዓታት ስክሪን ላይ የተተከለ ዓይን ሩቅ ያለውን ቅርንጫፍ ይይ። የሒሳብ ወሬ አይነሳም። ነጎድጓድ ከተሰማ ዛፍ ሥር መቆየት አደገኛ ስለሆነ ወዲያው ወደ ሕንፃው መግባት ነው፤ የቀረውን ደቂቃ ዛፉ በሚታይበት መስኮት ዘንድ ያሳልፉታል።

ሠራተኛ ያነሰበትን ክፍል ዛፍ አይሞላለትም፤ ለሳምንታት እንቅልፍ ያጣ ሰውም ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ከመውጣታቸው በፊት የደረሱበትን የቫውቸር ቁጥርና የልዩነቱን መጠን ወረቀት ላይ ያሰፍራሉ፤ ያልተጻፈ ነገር ዝግባው ሥርም ተከትሎ ይመጣል። ሲመለሱ ልዩነቱን ለ9 ያካፍሉና፣ ካቆሙበት ሳይሆን ከመጨረሻው ቫውቸር ወደ ኋላ ይጀምራሉ።