የማላየውን በሽተኛ ማከም፦ የአሜሪካው የጥርስ ሐኪሞች ፈተና ገጠመኜ

አዲስ አበባ ውስጥ በጥርስ ሐኪምነት ስሠራ፣ በሽተኛው ገና ከበሩ ሲገባ ግማሹን ታሪክ ፊቱ ላይ አነበው ነበር። ጉንጩ ማበጡን፣ አፉን በነጠላ መሸፈኑን፣ ቃል ሲያወጣ መንጋጋውን መፍራቱን አይቼ ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ሕመሙ ወዴት እንዳለ እገምታለሁ። አሜሪካ የሚሰጠው የፈቃድ ፈተና ላይ ግን በሽተኛው በበር አይገባም። ኮምፒውተሩ ላይ በአንድ ሳጥን ውስጥ ተጽፎ ይቀርባል፦ ዕድሜው፣ የመጣበት ምክንያት፣ ያለበት ሕመም፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች፣ አለርጂው፣ የምርመራው ግኝት። አንዳንዴ ራጅ ይጨመርበታል፣ አንዳንዴም የአፉ ፎቶግራፍ። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ፋንታ ነው።

ፈተናው የተቀናጀው ብሔራዊ የጥርስ ሕክምና ቦርድ ፈተና ነው፤ እዚህ ሁሉም ሰው በምሕፃሩ አይኤንቢዲኢ ይለዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ ውሎ ቀድሞ በሁለት ክፍል ይሰጥ የነበረውን ፈተና ተካ። 500 ጥያቄዎች አሉት፤ 360ው በመጀመሪያው ቀን፣ 140ው በሁለተኛው ቀን ይመለሳሉ። ማለፊያው 75 ነው ሲባል የሰሙ ብዙ ወገኖቼ ከመቶ ሰባ አምስቱን መመለስ ግድ መስሏቸው ገና ከመጀመራቸው ተስፋ ቆርጠዋል። 75 እንደ ፈተናው ክብደት ተስተካክሎ የሚሰላ ነጥብ እንጂ በትክክል የተመለሱ ጥያቄዎች ብዛት አይደለም። ላለፈ ሰውም ቁጥር አይነገረውም፤ ማለፉ ብቻ ይነገረዋል። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ከእኔ የተሻለ እጅ ያላቸው፣ አገር ቤት ስማቸው የተጠራ ሐኪሞች በዚህ ወሬ ብቻ ሙያቸውን እርግፍ አድርገው ሲተዉ ስላየሁ ነው። በጣም ያሳዝነኛል።

ከጥናቱ በፊት ወረቀቱ አለ። የውጭ አገር ዲግሪ ያለው ሰው የትምህርት ማስረጃውን እዚህ ለሚገኝ ገምጋሚ ድርጅት ማስላክ አለበት፤ ማስረጃውም በተፈታኙ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ከተማረበት ተቋም መምጣት ይኖርበታል። የእኔው ለረጅም ጊዜ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ቆየ። እህቴ ከሥራዋ እየቀረች ተመላልሳ፣ ደጅ ጠንታ ነው ያስላከችልኝ። ልትፈተኑ ያሰባችሁ ካላችሁ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ጀምሩ።

ጥናቱ ላይ ያስቸገረኝ አዲስ ነገር ብዛት አልነበረም፤ የማውቀው ነገር ቦታውን ቀይሮ መገኘቱ ነው። የጥርስ ቁጥርን እንውሰድ። እኛ የተማርነው ባለ ሁለት አኃዙን አቆጣጠር ነው፤ የመጀመሪያው አኃዝ ጥርሱ ያለበትን የአፍ ሩብ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመሐል ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል። አሜሪካኖች ከላይኛው ቀኝ የመጨረሻ መንጋጋ ጀምረው ዙሪያውን ከ1 እስከ 32 ይቆጥራሉ። እኛ 46 የምንለው የታችኛው ቀኝ የመጀመሪያ መንጋጋ እነሱ ዘንድ 30 ነው። ይህ ግልጽ ስለሆነ አያሳስትም። የሚያስፈራው 14 ነው፤ ሁለቱም አቆጣጠር ውስጥ ይገኛልና። በእኛ 14 ከላይ በቀኝ በኩል ከክራንቻው ቀጥሎ ያለው ጥርስ ነው። በእነሱ 14 ከላይ በግራ በኩል ያለው የመጀመሪያ መንጋጋ ነው። ፈተና ላይ ቢሳሳቱ ነጥብ ይጠፋል፤ ወንበር ላይ ቢሳሳቱ ግን የሰው ጤነኛ ጥርስ ይነቀላል። ሜሪላንድ ውስጥ በረዳትነት የምሠራበት ክሊኒክ ለዚህ ጠቅሞኛል። ሐኪሙ ቁጥር ሲጠራ እኔ ስጽፍ፣ ስጽፍ፣ አንድ ቀን በልቤ መተርጎሜን አቆምኩ። ሐኪም ሆኖ ረዳት መሆን ውርደት የሚመስላቸው አሉ፤ እኔ ግን ክፍያ እየተቀበልኩ የተማርኩበት ትምህርት ቤት ነው የምለው።

ሌላው የልብ ሕመምተኞች ጉዳይ ነው። አገራችን ውስጥ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ሳቢያ የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ወጣቶችን ይጎዳል፤ እኔም በሠራሁበት ቦታ እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲመጣ፣ የአፍ ጀርም በደም ወደ ልቡ እንዳይሄድ አስቀድመን አሞክሳሲሊን ሳንሰጥ ጥርስ አንነቅልም ነበር። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 መመሪያውን አጥብቦታል። አሁን መከላከያው የሚሰጠው ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ለተገጠመላቸው፣ ቀደም ሲል የልብ ውስጠኛ ሽፋን ኢንፌክሽን ለያዛቸው፣ አንዳንድ ከባድ የልብ ችግሮች አብረዋቸው ለተወለዱና ልብ ተተክሎላቸው ቫልቩ ለታመመባቸው ነው። ሩማቲክ ብቻውን ከዝርዝሩ ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ፔኒሲሊን ለማይስማማቸው ስንሰጠው የኖርነው ክሊንዳማይሲን ከአማራጮቹ ተሰረዘ። እዚህ ገጽ ላይ ረጅም ጊዜ ቆሜያለሁ። የምረሳው ሆኖ አይደለም፤ በዓይኔ ያየኋቸው፣ ስማቸውን የማስታውሳቸው ልጆች ፊቴ ላይ እየመጡ ነው።

የፈተናው በሽተኛ ደግሞ እንደ አገር ቤቱ አይደለም። አገር ቤት በሽተኛው የሚመጣው ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳው በኋላ ነው፤ መድኃኒት ስትጠይቁት ብዙ ጊዜ ማስታገሻ ብቻ ይላችኋል። እዚህ ሳጥኑ ውስጥ የምታገኙት የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የደም ማቅጠኛና የአጥንት መሳሳት መድኃኒት አንድ ላይ የሚወስድ አዛውንት ነው። ጥያቄው ስለ አንድ ቀላል ነቀላ ይመስላል፤ መልሱ ግን ያለው ከመድኃኒቶቹ በአንደኛው ላይ ነው። የአጥንት መሳሳት መድኃኒት ለዓመታት የወሰደ ሰው ጥርሱ ሲነቀል የመንጋጋ አጥንቱ ሳይድን ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሳጥኑን ከላይ እስከ ታች ሳላነብ ምርጫዎቹን እንዳላይ ራሴን አስለመድኩ። ጊዜው ግን ጨካኝ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለ100 ጥያቄ የሚሰጠው 105 ደቂቃ ነው። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማረ ሰው ይህ ከጥርስ ሕክምናው እኩል የሚከብድ ፈተና ነው፤ መፍትሔውም በየቀኑ ሰዓት ይዞ ማንበብ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

የፈተናው ቀን ፍተሻው ጥብቅ ነበር። ኪሴን ገልብጬ አሳየሁ፤ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤ መነጽሬን አውልቄ ሰጠሁ፣ ተቆጣጣሪዋ ክፈፉን በሁለቱም በኩል አገላብጣ አየችው። አንገቴ ላይ ያለውን ማተብ ስታይ ቆም አለች። ጌጥ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ ልብሴን ትንሽ ገለጥ አድርጌ ክሩን እስከ ጫፉ አሳየኋትና የሃይማኖቴ ምልክት እንደሆነ ነገርኳት። ጠጋ ብላ አየችው፤ «ይሁን፣ ግቢ» አለችኝ። ያ ማተብ ባይፈቀድልኝ ምን ዓይነት መንፈስ ይዤ እንደምቀመጥ አላውቅም። የሚጠፋ ጽሑፍ የሚጻፍበት ሰሌዳና እስክሪብቶ ተሰጠኝ። ቁጭ እንዳልኩ ሰሌዳው ጥግ ላይ የሠራሁት ሁለቱን የጥርስ አቆጣጠር ጎን ለጎን መጻፍ ነበር።

ከወጣሁ በኋላ «ምን ምን መጣ?» ብለው የጠየቁኝ ብዙ ናቸው። አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ጥያቄዎቹን ላለማውጣት ተስማምቼ ነው የተፈተንኩት። ከዚያም በላይ፣ የተሸመደደ መልስ ይዞ ያለፈ ሐኪም እናቴን እንዲያክም አልፈልግም። እንዴት እንደሚጠና ለጠየቀኝ ግን ሌሊትም ቢሆን ስልኬን አነሳለሁ።

ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ መጣ፤ አልፌያለሁ። እህቴ ስልኩ ውስጥ እልልታዋን ስታቀልጠው የክሊኒኩ ሰዎች ሁሉ ሰሙ። ይሁንና ማለፍ ብቻውን መሥሪያ ፈቃድ አይሰጥም። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ከውጭ የመጣ ሐኪም እዚህ እውቅና ባለው ትምህርት ቤት ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ተምሮ እንዲመረቅ ይጠይቃሉ፤ የትምህርት ክፍያው ከባድ ነው፣ ቦታውም ጥቂት ነው። ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ከመቀበላቸው በፊት በፕላስቲክ ጥርስ ላይ የእጅ ሥራ ይፈትናሉ። የክሊኒኩ ባለቤት ከሥራ ሰዓት በኋላ አንዱን ክፍል ፈቅዶልኛል፤ አሁን ማታ ማታ እዚያ ተቀምጬ 30 ቁጥርን ለዘውድ፣ ማለትም ጥርሱን ለሚሸፍነው ቆብ፣ እሞርዳለሁ፣ እሱም ጠዋት ሲገባ ስፋቱን ለክቶ አስተያየቱን ይጽፍልኛል።