«አይጠጡም አይደል?»

የመጀመሪያውን ስልጠና የሰጠሁት በስላይድ ነው። መሠረቴ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ኤምኤችጋፕ የተባለው የአእምሮ ጤና መመሪያ ነበር። የተዘጋጀው የአእምሮ ሐኪም ላልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ነው፤ የእኔም ሰልጣኞች ነርሶችና ጠቅላላ ሐኪሞች ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ድባቴ ምልክቶች፣ ስለ አልኮልና ስለ ሌሎች ሱሶች አወራሁ። መጨረሻ ላይ የሰጠኋቸውን ፈተና ጥሩ አድርገው ሠሩት። ደስ ብሎኝ ተለያየን።

ከአንድ ወር በኋላ የሥራ ቦታቸው ሄጄ የተሞሉትን ቅጾች አየሁ። የምንጠቀመው ፒኤችኪው 9 የተባለውን የድባቴ መለያ መጠይቅ ነው። ዘጠኝ ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል። ድምሩ 10 ከደረሰ ታካሚው በደንብ መታየት አለበት። ዘጠነኛው ጥያቄ ሞትን ስለመመኘትና ራስን ስለመጉዳት ነው። አንዲት ነርስ በሞላቻቸው ቅጾች ላይ ዘጠነኛው በሙሉ ዜሮ ነበር። አንድም ሌላ ቁጥር የለም።

አንዲት ታካሚን አስፈቅደን ከነርሷ አጠገብ ተቀመጥኩ። ነርሷ ስምንቱን ጥያቄዎች ረጋ ብላ ጠየቀች። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ድምጿ ወረደ፤ ዓይኗ ከወረቀቱ አልነሳ አለ። «ራስዎን ስለመጉዳት እንኳን አያስቡም አይደል?»

«ኧረ በፍጹም» አሉ ታካሚዋ። ዜሮ ተጻፈ።

ብቻችንን ስንሆን ለምን እንደዚያ እንደጠየቀች አነሳሁባት። «አዎ ቢሉኝስ? ከዚያ ምን ላደርግ ነው?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እንዴት እንደሚጠየቅ እንጂ «አዎ» ከተባለ በኋላ ያለውን አላስተማርኳትም ነበር።

ሁለተኛውን ስልጠና ስለዚህ ከ«አዎ» ጀመርኩ። ታካሚው አዎ ካለ ዕቅድ አለው ወይ? የሚጎዳበት ነገር በእጁ አለ ወይ? ከዚህ በፊት ሞክሮ ያውቃል? አደጋው ቅርብ ከሆነ ብቻውን አይተውም፤ አደገኛው ነገር ከአጠገቡ ይርቃል፤ ለማን እንደሚደወል አስቀድሞ ይታወቃል። ብዙዎቹ መጠየቁ ራሱ ሐሳቡን ያመጣል ብለው ይሰጋሉ። አያመጣም። ይህን ደጋግሜ መናገር ነበረብኝ።

ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተለማመዱ፤ አንዱ ታካሚ፣ አንዱ ሐኪም። «አይጠጡም አይደል?» የተባለ ሰው «አልጠጣም» ነው የሚለው። «አልኮል በምን ያህል ጊዜ አንዴ ይጠጣሉ?» ሲባል ግን አስቦ ይመልሳል። ከጥያቄው በኋላ ዝም ማለትም ልምምድ ይፈልጋል። አምስት እስክትቆጥሩ አትናገሩ እላቸዋለሁ። ለሐኪም አምስት ሰከንድ በጣም ረጅም ነው!

አንድ ስህተቴ እስከ ዛሬ ያመኛል። አንድ ሰልጣኝ በየቀኑ ብዙ የሚጠጣን ታካሚ «ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ» ብሎ ሸኘው። በቅን ልቦና ነው። ታካሚው በሁለተኛው ቀን አንዘፈዘፈው። በሕይወት ተርፏል። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም እንዲህ ዓይነት አደጋ እንዳለው በአንድ ስላይድ ነበር ያለፍኩት። አሁን ግማሽ ቀን እሰጠዋለሁ፤ ማን በክትትል ስር ማቆም እንዳለበት፣ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ለምን እንደሚሰጥ፣ መቼ ሪፈር እንደሚደረግ።

የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ በመጀመሪያው ቀን ለታካሚው ይነገረው። ካልተነገረው በሳምንቱ ይተወዋል።

ክፍል ውስጥ ያለውን ቀን ቀንሼ በየወሩ ሁለት ሰዓት አብሬያቸው መቀመጥ ጀመርኩ፤ ያስቸገሯቸውን ታካሚዎች እያነሳን እንወያያለን። ከስላይዶቼ ሁሉ ይህ በልጧል። የራሳቸውን ጭንቀት የሚያወሩበትም ጊዜ ይኸው ሆነ።

ነርሷ ዘንድ በቅርቡ ተመልሼ ነበር። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከዚህ ሁሉ ብሞት ይሻለኛል ብለው ያስባሉ?» አለች፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየች። ሰውዬው ዝም አሉ። እሷም ዝም አለች። በኋላ አዎ ለማለት አንገታቸውን ነቀነቁ። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ጠጋ አለቻቸው።