የሚበላው ክሪሳንቲመም፦ ሁለት ጊዜ ዘርቼ የተማርኩት

ክሪሳንቲመም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለጌጥ የሚቀመጠውን አበባ ነው። እኔ ያበቀልኩት ግን ዘመዱን ነው፤ ቅጠሉ የሚበላውን። ጃፓኖች ሹንጊኩ፣ ቻይናዎች ቶንግሃኦ፣ ኮሪያዎች ሱክጋት ይሉታል። ስሙ የገነነው በምሥራቅ እስያ ማዕድ ይሁን እንጂ የትውልድ አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር አካባቢ ነው። አደራ፣ ለጌጥ ከሚሸጠው አበባ ቅጠል ቆርጣችሁ እንዳትበሉ። ምን ዓይነት መድኃኒት እንደተረጨበት አይታወቅም። ለምግብ ተብሎ የሚሸጠውን ዘር ፈልጉ።

መጀመሪያ የዘራሁት ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ነበር። ቶሎ በቀለ፤ ደስ አለኝ። ግን ገና ስንዝር ሳይሞላ ግንዱ ቀጥኖ ወደ ላይ ተመዘዘና ጫፉ ላይ እምቡጥ ቋጠረ። ቅጠሉን ስቀምሰው ምሬት ብቻ። አፈሩ ደክሞ ነው ብዬ ኮምፖስት ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። ለካ ጥፋቱ የጊዜው ነው። ይህ ተክል ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ይመቸዋል። ሙቀቱ ሲጨምርና ቀኑ ሲረዝም ቅጠል ማብዛቱን ትቶ ለአበባ ይቸኩላል። ያኔ ምሬቱም ይብሳል።

ሁለተኛውን አየሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ ዘራሁ። ዘሩን ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች፣ በስሱ አፈር አለበስኩት። እስኪበቅል ድረስ መደቡ እንዳይደርቅ ጠዋት ጠዋት በጣቴ እየዳሰስኩ አጠጣሁ። ከዚያ ችግኞቹን በ10 ሴንቲ ሜትር ርቀት አሳሳኋቸው። የነቀልኳቸውን አልጣልኩም፤ አጥቤ ጥሬያቸውን በላኋቸው። ጣዕሙ የገባኝ ያኔ ነው። መጀመሪያ የአበባ ሽታ፣ ቀጥሎ ለስላሳ ጣፋጭነት፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቀለል ያለች መረር ያለች ነገር።

ቁመቱ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ለመቁረጥ ደርሷል። ከሥሩ አትንቀሉት። እኔ ከታች ሦስት አራት ቅጠል ትቼ ግንዱን በመቀስ እቆርጣለሁ። ጥቂት ቀን ቆይታችሁ እዩት፤ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝባት ብብት ውስጥ ትንሽዬ አረንጓዴ ቀንበጥ ብቅ ትላለች። አንዱ ግንድ ሁለትና ሦስት ይሆናል። በዚህ ዓይነት ከአንዱ መደብ ሦስት ጊዜ ቆርጫለሁ። ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ከቅጠሉ ጀርባ መደበቅ ስለሚወድ እየገለበጣችሁ እዩ። እኔ በውሃ ጠራርጌ አስለቅቄዋለሁ።

ወጥ ቤት ስገባ ደግሞ ሌላ ስህተት ጠበቀኝ። እንደ ማንኛውም ጎመን መስሎኝ 10 ደቂቃ ቀቀልኩት። ጠቆረ፣ ላመ፣ መረረ። ያን ሁሉ ቀን ተንከባክቤ ያሳደግኩትን ስደፋ በጣም አዘንኩ። አሁን ግንዱንና ቅጠሉን ለይቼ፣ ጨው የገባበት ውሃ ሲንተከተክ ግንዱን አስቀድሜ እጨምራለሁ። 30 ሰከንድ ያህል ቆይቼ ቅጠሉን አስከትላለሁ፤ እሱ ገባ ወጣ ማለት ብቻ ነው የሚፈልገው። ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ በእጄ እጨምቀዋለሁ። ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ የነበረው ቅጠል አንድ ጭብጥ ስለሚሆን ስትቆርጡ አትሰስቱ።

ከሁሉም የምወደው ጃፓኖች ጎማአኤ በሚሉት መንገድ የሚሠራውን ነው። ሰሊጥ ቆላ አድርጌ እወቅጣለሁ፤ ዘይቱ ወጣ ወጣ ሲል ሶይ ሶስ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ጨዋማ ማጣፈጫ) እና ትንሽ ስኳር ጨምሬ ከተጨመቀው ቅጠል ጋር አሸዋለሁ። የሰሊጡ ቅባት ምሬቱን ያለዝበዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ባያጠፋው ነው ደስ የሚለኝ። ሾርባ ውስጥ ከሆነ ድስቱ ሊወጣ ሲል ጣል ማድረግ ነው። ጃፓኖችም ሱኪያኪ በሚሉት የሥጋና የአትክልት ድስት ውስጥ የሚጨምሩት ወደ መጨረሻው ነው።

አንድ ሁለት ግንድ ሳልቆርጥ ትቼ አበቡ። አበቦቹ ቢጫ ናቸው፣ ጫፋቸው ነጭ፤ ንብ አይለያቸውም። ዘሩን ከእነሱ ለቅሜ አሁን በየ2 ሳምንቱ አንድ አንድ መስመር እዘራለሁ። አንዱ ሲያረጅ ሌላው ለመቀስ ይደርሳል።