ክሬይፊሽ ማጥመድን ወድጄዋለሁ፤ ወደ ጣና ግን አይምጣ

ነሐሴ ለእኛ ለጎንደሮች የፍልሰታ ጾም፣ የዝናብና የጭቃ ወር ነው። በስዊድን ደግሞ ይኸው ወር ሰዎች ማምሻውን ወጥመዳቸውን በጀልባ ጭነው ወደ ሐይቅ የሚወርዱበት፣ ክሬይፊሽ የሚያጠምዱበት ጊዜ ነው። ቀድሞ ከነሐሴ መጀመሪያ በፊት ማጥመድ በሕግ የተከለከለ ነበር፤ ዛሬ ክልከላው ቢነሳም ልማዱ ጸንቶ ቆይቷል። እህቴ የምትኖረው በደቡብ ስዊድን፣ ሐይቅ በበዛበት አገር ስለሆነ፣ ክረምቱን እሷ ዘንድ ባሳለፍሁ ጊዜ ሥራውን በዚያ ውኃ ዳር ተወልደው ካረጁ አንድ ጎረቤቷ ተምሬያለሁ። ከተመለስሁ በኋላ ይህን ያወራሁላቸው ወዳጆቼ ግን አንድም ሳይቀሩ «ታዲያ አምጥተን ጣና ላይ ለምን አናረባውም?» ብለው ጠየቁኝ። መልሴ በአንድ ቡና መሃል ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ክሬይፊሽ በባሕር ሳይሆን በሐይቅና በወንዝ የሚኖር፣ ዐሥር እግር ያለው፣ የፊተኞቹ ሁለት እግሮቹ ጠንካራ መቆንጠጫ የሆኑለት፣ ሲደነግጥ ጅራቱን አጥፎ ወደ ኋላ የሚፈናጠር የሸርጣን ዘመድ ነው። በልጅነቱ ወንዝ ወርዶ ድንጋይ እየገለበጠ ሸርጣን የፈለገ ሰው ጠባዩን በከፊል ያውቀዋል፤ ቀን ቀን በድንጋይ ሥርና በጉድጓድ ይደበቃል፣ ሲመሽ ለምግብ ይወጣል፣ ሥጋም ይሁን ቅጠል፣ የሞተም ይሁን ሕያው ሳይለይ ይበላል። ለማደግ ጠንካራውን የላይ ሽፋኑን መጣል ስላለበት፣ አዲሱ ሽፋን እስኪጠነክር ድረስ ከጉድጓዱ አይወጣም፤ በዚያ ሰሞን ወጥመድ የጣለ ሰው ባዶውን ያወጣል። እኔ አልቀመስሁትም። ጾም ነበር፤ ጾምም ባይሆን በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውኃ ፍጥረት አይበላም ተብሎ ተጽፏል፤ ቅርፊት የለውም ብለው አምባዛን እንኳ የማይበሉ ብዙ ሰዎች ባሉበት አገር ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። እነሱ ግን እንስላል በሚመስል ቅጠልና በጨው ቀቅለው፣ በመረቁ ውስጥ አሳድረው፣ ዘመድ አዝማድ ጠርተው በቀዝቃዛው ይበሉታል።

የማጥመዱ ጥበብ ከመብሉ ተለይቶ ሊወደድ የሚችል ነገር ነው። ወጥመዱ ከሽቦ ወይም ከናይለን መረብ የተሠራ፣ እንደ በርሜል የተጋደመ ቅርጫት ሲሆን በሁለቱም ጫፎቹ ከውጭ ሰፊ ሆኖ ወደ ውስጥ እየጠበበ የሚሄድ በር አለው። ክሬይፊሹ የማባበያውን ሽታ ተከትሎ በወለሉ ላይ እየተሳበ ሲመጣ ሰፊውን አፍ በቀላሉ ያገኛል፤ ከገባ በኋላ ግን መውጫ ሲፈልግ ግድግዳውን እየታከከ ስለሚዞር፣ መሃል ላይ የቀረውን ጠባቡን ቀዳዳ ስቶት ያልፋል። ብዙ ሰው ማባበያው የሸተተ ሥጋ ቢሆን ይሻላል ብሎ ያስባል። እኒያ አዛውንት የሚጠቀሙት በዚያው ቀን፣ ከዚያው ሐይቅ የተያዘ ትኩስ ዓሣ ብቻ ነው፤ ትኩሱ የበለጠ ይስባል፣ ከሌላ ውኃ የመጣ ዓሣ ደግሞ ወደፊት የምናገረውን በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ወለሉም መመረጥ አለበት። ጭቃና ደለል ባለበት ቦታ ሳይሆን መደበቂያ ድንጋይ በበዛበት፣ ከአንድ እስከ አምስት ሜትር በሚደርስ ጥልቀት ላይ፣ ወጥመዶቹ በረጅም ገመድ ተያይዘው፣ ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ምልክት ታስሮ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይጣላሉ። የሚወጡት ሌሊት ወይም ጎሕ ሲቀድ ነው።

ሲወጣ የተያዘውን ሁሉ ቅርጫት ውስጥ ማጋባት የለም። እያንዳንዱ ከመቆንጠጫው በስተኋላ ጀርባው ላይ ተይዞ (እንዲህ ሲያዝ መቆንጠጫው እጅ ላይ አይደርስም) ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ ጫፍ ይለካል፤ በዚያ ሐይቅ ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰው ወዲያው ወደ ውኃው ይመለሳል። የጊዜውም ምርጫ ምክንያት አለው። ክሬይፊሽ የሚራባው በመጸው ስለሆነ ሴቷ ዕንቁላሏን ከጅራቷ ሥር ለጥፋ ቅዝቃዜውን ሁሉ ተሸክማ ታሳልፋለች፤ ልጆቹ የሚፈለፈሉትና ከእናታቸው የሚለዩት በበጋቸው መጀመሪያ ነው። በነሐሴ የተያዘች ሴት እንግዲህ ልጆቿን የሸኘች ናት። ለዚህ ነው የቀድሞው ሕግ ነሐሴን የመረጠው፤ እኔም ከጥበቡ ሁሉ ይህን ክፍል አብልጬ የወደድሁት ለዚህ ነው። ማጥመድ የሚጀመረው ወጥመድ ከመጣሉ በፊት፣ የፍጥረቱን የመራቢያ ወር በማወቅ ነው።

ወጥመድ የታሰበለትን ብቻ እንደማይዝም ማወቅ ያስፈልጋል። በአውስትራሊያ ያቢ የሚባለውን የአገራቸውን ክሬይፊሽ ለመዝናናት የሚያጠምዱ ሰዎች ኦፔራ ሃውስ በሚባል፣ ከላይ ዝግ በሆነ ወጥመድ ይጠቀሙ ነበር። ፕላቲፐስ የሚባለው የውኃ አጥቢ እንስሳና የውኃ ኤሊ አየር ለመሳብ ወደ ላይ መውጣት ስላለባቸው እየገቡ ሰጠሙበት፤ የቪክቶሪያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደግሞ በ2021 ወጥመዱን ከለከሉ። እንግሊዝ ውስጥም ያለ ፈቃድ ወጥመድ መጣል አይቻልም።

አሁን ወደ በሽታው ልመለስ፤ የወዳጆቼ ጥያቄ መልስ ከዚህ ይጀምራልና። አፋኖማይሲስ የተባለ፣ ሻጋታን የሚመስል በዓይን የማይታይ ተሕዋስ ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1860 ገደማ ኢጣሊያ ውስጥ ታየ፤ የአውሮፓ ተወላጅ የሆነው ክሬይፊሽ መከላከያ ስላልነበረው እየተላለፈ ጨረሰው። ስዊድን የደረሰው በ1907 ከፊንላንድ በመጣ የክሬይፊሽ ጭነት ነው። ከዚያ በኋላ አገር በቀሉ ክሬይፊሽ ከነበረበት ሐይቅና ወንዝ ከዘጠና በመቶ በላይ በሚሆነው ጠፍቷል። ባለሥልጣናቱ ጉድለቱን ለመሙላት በ1960 ሲግናል የሚባለውን ክሬይፊሽ ከካሊፎርኒያ አስመጡ። እሱ በሽታውን ስለሚችለው አይሞትም፤ ነገር ግን ተሸክሞት ይዞራል። ለጠፋው ምትክ ይሆናል ተብሎ የመጣው እንግዳ የተረፈውን አገር በቀል የሚገድል ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የአውሮፓ ኅብረት ጎጂ ወራሪ ብሎ በመዘገባቸው ፍጥረታት ዝርዝር ውስጥም ገባ። እኒያ አዛውንት ወጥመዳቸውን ወደ ሌላ ሐይቅ ከመውሰዳቸው በፊት ገመዱ ሳይቀር ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ የሚያሰጡት፣ ጀልባቸውንም እንዲሁ የሚያደርጉት ተሕዋሱ በእርጥብ ዕቃ ላይ ስለሚቆይና ሲደርቅ ስለሚሞት ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት አባቶቻቸው ያጠመዱት ክሬይፊሽ በእሳቸው ሐይቅ ውስጥ ዛሬ ስለሌለ ነው፤ ሲነግሩኝም ሐዘናቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

በአህጉራችን ከማዳጋስካር ደሴት በቀር አገር በቀል ክሬይፊሽ የለም። ያለው ሁሉ በሰው እጅ የገባ ነው። ቀዩ የሉዊዚያና ክሬይፊሽ እ.ኤ.አ. በ1970 ኬንያ ውስጥ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ ተለቀቀ። ለተወሰነ ጊዜ ወደ አውሮፓ ተልኮ ገንዘብ አስገኝቷል፤ በዚያው ዘመን ግን በውኃው ውስጥ ይበቅል የነበረውን ተክል እየበላ ሐይቁን አራቆተው። ይኸው ዝርያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግብፅ ገብቶ በናይል ዴልታ ተስፋፍቷል። ከአውስትራሊያ የመጣ ሌላ ዝርያ ደግሞ በዛምቢያ ከእርባታ አምልጦ የካፉዌን ወንዝና የካሪባን ሐይቅ ይዟል። «በኩሬ አጥረን ብናረባው» ለሚለኝ ሰው የምሰጠው መልስ ይህ የመጨረሻው ነው። ክሬይፊሽ ሌሊት ከውኃ ወጥቶ በእርጥብ መሬት ላይ በእግሩ የሚሄድ ፍጥረት ነው፤ በክረምት ደንቢያ ሜዳ ላይ ምን ዓይነት አጥር ያቆመዋል?

ጣና ደግሞ ሊሞከርበት የማይገባ ሐይቅ ነው። ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ በኩል ወርደን ጎርጎራ ላይ ስንቆም የምናየው ውኃ ሰፊ ይሁን እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በአማካይ 8 ሜትር፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ገደማ ነው። ድንጋያማውን ዳርቻ ለሚወድ ፍጥረት የተመቸ ነው ማለት ነው። አጥማጆቻችን ነጭ ዓሣ፣ ሊቃውንት ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን በውስጡ 17 ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህ 15ቱ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ዓሦች ለይቷቸው ለብቻቸው የኖሩ ዝርያዎች ናቸው። ብዙዎቹ ከሐምሌ እስከ መስከረም ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ፣ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ሽቅብ ወጥተው ዕንቁላላቸውን ንጹሕ ጠጠር ላይ ይጥላሉ። ክሬይፊሽ የዓሣ ዕንቁላል ይበላል። በዚህ ላይ የመስኖ ቦይና የውኃ መያዣ ግድግዳ እየቦረቦረ ጉድጓድ የሚሠራ በመሆኑ ሩዝ በሚመረትባቸው የአውሮፓ አገሮች ገበሬውን አማርሯል፤ የፎገራና የደንቢያ ገበሬ ሩዙን የሚያቆመው እንዲሁ በአፈር ድንበር በተያዘ ውኃ ነው።

«ከበዛ እኮ ወጥመድ አለን፣ አጥምደን እንጨርሰዋለን» የሚለው መከራከሪያ ሲሰሙት ያሳምናል። ወጥመዱን በእጄ ይዤ ስላየሁት ግን አልቀበለውም። የወጥመዱ ቀዳዳ ትንንሾቹን ያሳልፋል፤ ገፍተው የሚገቡትም በአብዛኛው ትልልቆቹ፣ ይበልጡንም ወንዶቹ ናቸው። ትልልቆቹ ሲወጡ የሚሻማቸውና የሚበላቸው የቀነሰላቸው ትንንሾች በፍጥነት ያድጋሉ። በእንግሊዝ ወንዞች ሲግናሉን በወጥመድ ለማጥፋት የተደረገው ጥረት ውጤት ያጣው በዚህ ምክንያት ነው። ለመዝናናትና ለምግብ ማጥመድ አንድ ነገር ነው፤ ወራሪን ማጥፋት ሌላ ነው፤ የመጀመሪያው ሁለተኛውን አይሠራም።

እኛ ደግሞ እምቦጭን አይተናል። በ2004 ዓ.ም. መገጭ ወደ ጣና በሚገባበት አካባቢ የታየው አረም የሰሜኑን ዳርቻ ሲሸፍን፣ ገበሬው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል፣ ከጎንደርም ከሌላም ከተማ ሕዝብ ለዘመቻ ሲወርድ ኖሯል። እምቦጭ ግን ቢያንስ ላይ ተንሳፎ ይታያል፣ ሰብስበውም ይከምሩታል። በውኃ ሥር፣ በሌሊት፣ በድንጋይ መሃል የሚኖረውን ግን በየትኛው ዘመቻ እንነቅለዋለን? አንድ ዕንቁላል የተሸከመች ሴት ብቻ መቶዎችን ትፈለፍላለች።

ከዚያ አገር ልናመጣው የሚገባን ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የማጥመጃ ወር፣ የመጠን ልክ፣ ዕቃን የማድረቅ ልማድ፣ ያልታሰበ ፍጥረት የማይገድል ወጥመድ፤ እነዚህን ሁሉ ለጣና እፈልጋቸዋለሁ። ነጭ ዓሣው ሽቅብ ሊወጣ በወንዞቹ አፍ ላይ ሲሰበሰብ መረብ ዘርግቶ መጠበቅ ለዓመታት የቆየ ሥራ ነው፤ ተጓዥ ዝርያዎቹ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ በእጅጉ የተመናመኑትም በዋናነት በዚህ ነው። ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ፈጭቶ ወንዝ ውስጥ መጨመርማ ትልቅ ትንሹን ሳይለይ ይፈጃል። የስዊድኑ አዛውንት የሚጠብቁትን ዓይነት ወር እኛም ልንጠብቅ ይገባናል፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም ድረስ በመገጭና በድርማ አፍ ላይ መረብ ባይጣል፣ በዓመቱ የሚያጠምደው ያው አጥማጅ ነው የሚጠቀመው።

ለመዝናናት ማጥመድ ለሚወድ የጎንደር ሰው ደግሞ ክሬይፊሽ አያስፈልገውም። ቀረሶ በጣና ዳርቻ በመንጠቆ ይያዛል፣ ክንፍም ቅርፊትም አለው፣ ጥብሱም ጥሩ ነው። መስከረም ካለፈ በኋላ፣ ከወንዞቹ መግቢያ ራቅ ብሎ፣ በጎርጎራ ድንጋዮች ላይ ተቀምጦ መሞከር ይቻላል። በሌላ ወንዝ ወይም ግድብ የተጠቀማችሁበትን ገመድ፣ መረብና ጫማ ግን ወደዚያ ከመውሰዳችሁ በፊት ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቁት፤ ከጣና ስትመለሱም እንዲሁ አድርጉ፣ የእምቦጭ ቁራጭ በመረብ ተጠልፎ ወደ ሌላ ውኃ ሊሻገር ይችላልና።